የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጅማ ግድግዳ ላይ ያሉት የፈረንሳይ የሕትመት ሥዕሎች

ባለፈው እትማችን በጅማ ከተማ፣ በፈረንጅ አራዳ ሠፈር የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከቡና ነጋዴ አያቱ የወረሳቸውን ሦስት የቆዩ የፈረንሳይ የሕትመት ሥዕሎች በፎቶግራፍ አውጥተን ነበር። በመጀመሪያው ሥዕል ከባሕር የወጣ አውሬ ፈረሶቹን አስደንብሮበት ከሠረገላው የወደቀ ወጣት ይታያል። በሁለተኛው አንዲት ሴት ከባሕር ዳር ቋጥኝ ጋር በሰንሰለት ታስራ ስትታይ፣ በሰማዩ ላይ ደግሞ ክንፍ ባለው ፈረስ የተቀመጠ ጎልማሳ አለ። ሦስተኛው በሻማ ብርሃን ባሸበረቀ የቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ተውኔት ሲቀርብ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥዕሎቹ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ከዚያው ከጅማ በመሆናቸው የዚህን ወር አምድ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የዘመን ቁጥሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከመጀመሪያው ሥዕል ፍሬም ጀርባ «ፌድር» የሚል የእጅ ጽሑፍ እንዳለ ጽፋችኋል። የራሲንን ተውኔት በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አንብቤዋለሁ። ከመጀመሪያው ገቢር እስከ መጨረሻው አንድም አውሬ ወደ መድረክ አይወጣም፤ ሠረገላም አይታይም። ታዲያ ሠዓሊው ይህን ከየት አመጣው? ወይስ ሥዕሉ የሌላ ተውኔት ነው? (የቋንቋ መምህር፣ ከሄርማታ)

መልስ፦ ሥዕሉ የዚያው ተውኔት ነው፤ እርስዎ ያስተዋሉትም ትክክል ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ዣን ራሲን «ፌድር»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች ያቀረበው ጃንዋሪ 1 ቀን 1677 በፓሪስ፣ ኦቴል ደ ቡርጎኝ በተባለው ቴአትር ቤት ነበር። በዚያው ዓመት ተውኔቱ በመጽሐፍ ሲታተም ከርዕሱ ገጽ ትይዩ የገባውን ሥዕል የነደፈው የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቀዳሚ ሠዓሊ ሻርል ለብረን ሲሆን፣ ንድፉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ የቀረጸው ሴባስቲያን ለክሌር ነው። የፈረንጅ አራዳው ሥዕል ከዚህ ንድፍ የመጣ ነው።

አፈ ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ እንንገር። ፌድር የአቴናው ንጉሥ የቴሴየስ ሚስት ናት። የእንጀራ ልጇን ሂፖሊተስን ትወድዳለች፤ ባሏ ሞተ የሚል ወሬ ሲሰማ ፍቅሯን ለወጣቱ ትገልጽለታለች፤ እርሱም በድንጋጤና በመጸየፍ ይሸሻታል። ንጉሡ በሕይወት ሲመለስ የፌድር ሞግዚት እመቤቷን ለማዳን ስትል ሂፖሊተስ ሊደፍራት እንደ ነበር አድርጋ ትነግረዋለች። አባት በቁጣ ልጁን ረግሞ የባሕሩ አምላክ እንዲበቀልለት ይለምናል፤ ልመናውም ይሰማለታል። ታሪኩን ግሪካዊው ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ428 ለመድረክ አብቅቶት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ሮማዊው ሴኔካም ጽፎታል። ራሲን ከሁለቱም ቀድቷል።

በራሲን ዘመን የፈረንሳይ ትራጄዲ በአንድ ቦታና በአንድ ቀን ውስጥ ተጀምሮ እንዲያልቅ ይጠበቅ ነበር። ደም ሲፈስ ወይም አካል ሲቆራረጥ ለተመልካች ማሳየትም ከጨዋነት ውጪ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ፌድር ራሷ በመጨረሻው ትዕይንት በመድረክ ላይ ትሞታለች፤ የምትሞተው ግን መርዝ ጠጥታ ነው፤ መርዝ ደም አያፈስስም። የሂፖሊተስ አሟሟት ግን ባሕር ዳርቻ፣ ፈረሶች፣ አውሬና በድንጋይ ላይ የሚጎተት ገላ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ራሲን ነገሩን ሁሉ ለወጣቱ ሞግዚት ለቴራሜን ምላስ አደራ ሰጠው። ቴራሜን በአምስተኛው ገቢር ከንጉሡ ፊት ቆሞ ከ70 በሚበልጡ ስንኞች ያየውን ይተርካል፦ ባሕሩ ተራራ አክሎ እንዴት እንደ ተነሣ፣ ማዕበሉ ተሰብሮ አውሬውን እንዴት በዳርቻው ላይ እንደ ተፋው፣ የአውሬው ግንባር ቀንድ ያወጣ፣ ገላው ብጫማ ቅርፊት የለበሰ፣ እኩሌታው ኮርማ እኩሌታው ዘንዶ እንደ ነበር፣ ሂፖሊተስ ጦሩን ወርውሮ ቢያቆስለውም ፈረሶቹ በርግገው ልጓም አልያዝ እንዳሉት፣ የሠረገላው መዘውር ተሰባብሮ ጌታቸውን በገዛ ፈረሶቹ ተጎትቶ እንዳየው ይናገራል። ፌኔሎን የተባለው ጳጳስና ደራሲ በኀዘን የተመታ ሰው ይህን ያህል ያጌጠ ንግግር አይናገርም ብሎ ነቅፎታል። ነቀፋው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን ያ ጌጥ ባይኖር ኖሮ ለብረንም የሚነድፈው ነገር አያገኝም ነበር።

ስለዚህ ለብረን የነደፈው በኦቴል ደ ቡርጎኝ ያየውን ሳይሆን በተውኔቱ ውስጥ የተነገረውን ነው። ተመልካች በጆሮው ብቻ የሰማውን፣ መጽሐፉን የገዛ ሰው ገና ከመጀመሪያው ገጽ በዓይኑ አየው። ይህ ለአንድ ሥዕል ብቻ የሚሠራ አይደለም። አፈ ታሪክን መሠረት ያደረጉ የፈረንሳይ ትራጄዲዎች የሕትመት ሥዕሎችን የመድረክ ፎቶግራፍ አድርጎ ማየት ያሳስታል፤ አብዛኞቹ የሚያሳዩን መድረኩ የሸሸገውን ወይም ማሳየት ያልቻለውን ነው። በ1802 ፒየር ናርሲስ ገሬን «ፌድርና ሂፖሊተስ» የሚል ትልቅ የቀለም ሥዕል ለኤግዚቢሽን አቀረበ፤ በኋላም ኦጉስት ቡሼ ዴኗዬ በመዳብ ቀርጾት በሕትመት ተሠራጨ። በዚያ ሥዕል ላይ ንጉሡ ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ሞግዚቷ በጆሮዋ እያንሾካሾከችላት፣ ወጣቱ ክሱን በእጁ ሲመልስ ይታያል። በራሲን ተውኔት ውስጥ ግን ንጉሡ ልጁን የሚወነጅለው ፌድር በሌለችበት ነው። ሠዓሊው በተለያዩ ትዕይንቶች የተበተነውን ጠብ ሰብስቦ በአንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጠው፤ በእኛ ግምት ከለብረን ሥዕል ይልቅ የራሲንን ነፍስ የያዘው ይኸኛው ነው፤ ራሲን የሚያስፈራን በባሕር አውሬ ሳይሆን በዝምታ ነውና።

ኮሜዲ ላይ ነገሩ ይለያል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው ሞልዬር ከሞተ በኋላ በ1682 በታተሙት ሥራዎቹ ውስጥ ፒየር ብሪሳር የነደፋቸው ሥዕሎች ወንበሩን፣ ጠረጴዛውንና የተዋናዩን ልብስ ለመድረኩ ቀረብ አድርገው ያሳያሉ። የቤት ውስጥ ነገር ስለ ሆነ መድረኩ ራሱ የሚሸሽገው አልነበረውም።

ጥያቄ፦ በሦስተኛው ሥዕል ላይ ተዋንያኑን ለማግኘት አጉሊ መነጽር አስፈልጎኛል። ያገኘኋቸው ጥቃቅን ሰዎችም በራሳቸው ላይ የላባ ጉንጉን የደፉ፣ ጉርድ ቀሚስ የመሰለ ነገር የታጠቁ ናቸው። ፈረንሳዮች የጥንት ግሪኮች እንዲህ ይለብሱ ነበር ብለው ያምኑ ነበርን? (የቴአትር ጥበባት ተማሪ፣ ከቦሳ)

መልስ፦ ተዋንያኑ ያነሱት የሥዕሉ ዋና ሰዎች እነርሱ ስላልሆኑ ነው። ሥዕሉ ዣን ለፖትር በ1676 የቀረጸው ሲሆን፣ ጁላይ 4 ቀን 1674 በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የዕብነ በረድ ግቢ የቀረበውን «አልሴስት» የተባለ የሙዚቃ ትራጄዲ ያሳያል። ሙዚቃው የሉሊ፣ ግጥሙ የኪኖ ነው። ሉዊ 14ኛ ፍራንሽ ኮንቴ የተባለውን ግዛት ድል አድርጎ ሲመለስ ከተዘጋጁት የስድስት ቀን በዓላት የመጀመሪያው ይህ ነበር። በሥዕሉ መካከል፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ የተቀመጠውን ሰው ይፈልጉት፤ ንጉሡ እርሱ ነው። ግቢው፣ መስኮቶቹ፣ መቅረዞቹና ተመልካቾቹ ሁሉ ወደ እርሱ የሚያመለክቱ ሆነው ተሠርተዋል። ባሏን ለማዳን በፈቃዷ የሞተችውና ሄርኩለስ ከሙታን ዓለም የመለሳት አልሴስት ግን በሥዕሉ ጥልቅ ውስጥ ጣት የማታክል ሆና ቀርታለች። ይህን ሥዕል ንጉሡ በገዛ ወጪው አሠርቶ ወደ ውጭ አገር አብያተ መንግሥታት ጭምር ያደርሰው እንደ ነበር ከታወቀ፣ ለፖትር የደከመው ለማን እንደ ነበር አያከራክርም።

ስለ ልብሱ፦ አያምኑም ነበር፤ ደግሞም አይጨነቁበትም ነበር። በዚያ ዘመን የጥንት ጀግና የሚጫወት ተዋናይ የሮማ ጦር ልብስ ከቤተ መንግሥት የክብር ልብስ ጋር ተዳቅሎ የተሰፋለትን ቀሚስ ለብሶ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍቶ፣ ከላዩ የሰጎን ላባ ሰክቶ ይወጣ ነበር። ሴቶቹም ከወገብ በታች በሰፊው የተነፋ ቀሚስ ይለብሱ ነበር። ልብሱ የሚናገረው ስለ ዘመን ሳይሆን ስለ ማዕረግ ነው፤ ተመልካቹ ንግሥቲቱን ከሞግዚቷ የሚለየው በላባው ቁመት ነበር። ኮሜዲ ፍራንሴዝ በተባለው የፓሪስ ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ይህን ልማድ መሸርሸር የጀመሩት ማድሟዜል ክሌሮንና ለካን የተባሉ ተዋንያን ናቸው፤ በ1755 ክሌሮን የተነፋውን ቀሚስ ጥላ ወጣች። በ1759 ደግሞ ባለጠጎች እዚያው በመድረኩ ላይ ይቀመጡባቸው የነበሩት አግዳሚዎች ተነሡ። እስከዚያ ድረስ ቴሴየስ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚገባው በሻለቆችና በመሳፍንት ጉልበት መካከል ተሽሎክልኮ ነበር፤ ይህንንም ከትራጄዲ ሥዕሎች ላይ ብዙ ጊዜ አያገኙትም፤ ቀራጮቹ ተመልካቹን ከመድረኩ እያባረሩ ይሥሉ ነበርና።

በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ታልማ የተባለው ወጣት ተዋናይ በቮልቴር «ብሩተስ» ውስጥ በነበረችው ጥቂት ቃላት ብቻ በሚናገርባት ድርሻ ክንዱንና እግሩን አራቁቶ፣ እንደ ሮማዊ ነጠላ ተጎናጽፎ ሲወጣ ባልደረቦቹ በድንጋጤ አዩት። ከዚያ በኋላ ግን የሥዕሉም የመድረኩም ዓይን ተለወጠ። በ1801 ፒየር ዲዶ መታተም ያስጀመረው ግዙፉ የራሲን ሥራዎች እትም 57 የሕትመት ሥዕሎች አሉት፤ ንድፎቹን ከሠሩት መካከል ጂሮዴን የመሳሰሉ የሠዓሊው የዣክ ሉዊ ዳቪድ ደቀ መዛሙርት ይገኛሉ። የእነርሱ ፌድር በጥንት ሐውልት ላይ የምትታይ ትመስላለች። የ1677ቱን የ«ፌድር» እትምና የዲዶን እትም ጎን ለጎን ማየት የቻለ ተማሪ ስለ አልባሳት ታሪክ ብዙ ይማራል።

ጥያቄ፦ በሁለተኛው ሥዕል ሥር «የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ አንድሮሜዳ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ልጆቼ አይተው ተከራከሩ። የእኛ አገር ንጉሥ ልጅ ከሆነች ለምን ነጭ ሆና ተሣለች? ካልሆነችስ ኢትዮጵያን ምን አመጣት? (ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከጅሬን)

መልስ፦ አባታችን፣ የልጆችዎ ክርክር ቢያንስ አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ክርክር ነው። ከአፈ ታሪኩ እንጀምር። የኢትዮጵያው ንጉሥ ኬፌዎስ ሚስት ካሲዮፔያ ከባሕር ቆነጃጅት እኔ እበልጣለሁ ብላ ተመጻደቀች፤ የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አገሪቱን በጎርፍና በአውሬ ቀጣ። ልጂቱ አንድሮሜዳ ለአውሬው ካልተሰጠች መቅሠፍቱ እንደማይቆም ቃል መጣ፤ እርሷም በቋጥኝ ላይ ታሰረች። ያያትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ይመለስ የነበረው ፐርሴየስ በአየር ሲያልፍ አያት፤ አውሬውን ገድሎ አገባት። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ፐርሴየስ መጀመሪያ ሲያያት ጸጉሯ በነፋስ ባይንቀሳቀስና ዓይኗ ባያነባ ኖሮ የዕብነ በረድ ሐውልት በመሰለችው ነበር ይላል። ይኸው ኦቪድ በሌላ ግጥሙ ላይ ግን አንድሮሜዳ የአገሯን የጠይም መልክ ይዛ ሳለ ለፐርሴየስ ውብ እንደ ነበረች ይናገራል። እንግዲህ ክርክሩን የጀመረው ያው አንድ ገጣሚ ነው ማለት ይቻላል።

«ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ላለው ጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ይሰጡት ነበር፤ ኩሽና ኑቢያ በመጀመሪያ የሚጠሩት ናቸው። ከዚህም ሌላ ቋጥኙ ያለው በኢዮጴ፣ በዛሬዋ ጃፋ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ሮማዊው ፕሊኒ ስካውሮስ የተባለ ሹም የአውሬውን አጥንት ነው ብሎ ከኢዮጴ አምጥቶ በሮማ ለሕዝብ እንዳሳየ፣ ርዝመቱም 40 የሮማ ጫማ እንደ ነበር ጽፏል። ስለዚህ አንድሮሜዳን የጅማ ልጅ ለማድረግ አንደፍርም፤ ነገር ግን የጥንት ጸሐፍት የጥቁር ሕዝብ ንጉሥ ልጅ እንዳደረጓት አያጠራጥርም።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ፒየር ኮርኔይ በ1650 «አንድሮሜድ» የተባለ ተውኔት በፓሪስ ፕቲ ቡርቦን በተባለው አዳራሽ አቀረበ። ይህ እንደ «ፌድር» ያለ ቁጥብ ትራጄዲ አልነበረም፤ አማልክት በገመድና በመዘውር የሚወርዱበት፣ ባሕር የሚናወጥበት የማሽን ተውኔት ነበር። ማሽኖቹን ያዘጋጀው ጃኮሞ ቶሬሊ የተባለ ጣሊያናዊ ነው፤ በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ታላቁ ጠንቋይ ይባል ነበር። የፈረንሳይ ዋና ሚኒስትር የነበረው ካርዲናል ማዛረን በ1647 ለቀረበው «ኦርፌኦ» ለተባለ ኦፔራ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰባቸው ማሽኖች ቆመው እንዳይቀሩ ነበር ለኮርኔይ ተውኔት የዋሉት። የተውኔቱ መጽሐፍ በ1651 ሲታተም ፍራንስዋ ሾቮ ስድስት ሥዕሎች ቀረጸለት፤ አንድ ለመቅድሙ፣ አምስት ለአምስቱ ገቢሮች። ቤተሰቡ ያለው የሦስተኛው ገቢር ነው። እነዚህ ስድስት ሥዕሎች ከላይ ለመምህሩ ከሰጠነው መልስ የተለዩ ናቸው፤ መድረኩ ራሱ ተአምሩን ለማሳየት የተሠራ ስለ ነበር ሾቮ ያቀረበልን በእርግጥ የቶሬሊን ትዕይንት ነው።

ኮርኔይ በመጽሐፉ ላይ ትዕይንቱ የሚካሄደው በኢትዮጵያ፣ በባሕር አጠገብ ባለችው በኬፌዎስ መንግሥት ዋና ከተማ እንደ ሆነ በግልጽ ጽፏል። ሾቮን ስናይ ግን ያቺ ከተማ በዓምዶች ረድፍ የተዋበች የጣሊያን አደባባይ ናት፤ የቤተ መንግሥቱ የአትክልት ቦታም ዛፎቹ በመስመር የቆሙበት የአውሮፓ መናፈሻ ነው። ማንም ስለ ኢትዮጵያ ለማወቅ አልደከመም። ከቦታው ይልቅ ኮርኔይን ያሳሰበው ሠዓሊዎች ናቸው። በመግቢያው ላይ እንዳለው፣ ሠዓሊዎች ጥበባቸውን ለማሳየት ሲሉ አንድሮሜዳን ሁልጊዜ ራቁቷን ይሥሏታል፤ ኦቪድ ግን ይህን አላለም፤ ስለዚህ በዚህ አልተከተላቸውም። ፐርሴየስን በክንፋማው ፈረስ በፔጋሰስ ላይ ማስቀመጡን ግን ከእነርሱ ወስዷል፤ በኦቪድ ዘንድ ፐርሴየስ ክንፍ ያለው በተረከዙ ላይ እንጂ ፈረስ የለውም። ይህን ልብ ይበሉልን፤ እዚህ ላይ ተውኔቱን ያስተማረው ሥዕል ነው፤ ከዚያም ተውኔቱ ተመልሶ በሾቮ እጅ ሥዕል ሆነ።

በ1682 ተውኔቱ እንደገና ሲታይ ፔጋሰስን የተጫወተው እውነተኛ ፈረስ ነበር። ከመውጣቱ በፊት ያስርቡትና፣ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከመድረኩ ጀርባ አንድ ሰው አጃ በወንፊት ያበጥራል፤ ፈረሱም ሽታውንና ድምፁን ሰምቶ ያሽካካል፣ እግሩንም ይመታል፤ ተመልካቹ የጦርነት ወኔ መስሎት ያጨበጭባል። ይህን የሚያሳይ የሕትመት ሥዕል ቢኖር የጅሬን የፈረስ ወዳጆች ሁሉ በቤታቸው በሰቀሉት ነበር።

ስለ መልኳ፦ በመዳብ ቅርጽ ሕትመት ቀለም የለም፤ ያለው ጥቁር መስመርና የወረቀቱ ነጭነት ነው። ቀራጩ አንድን ገላ ለማጥቆር ከፈለገ በላዩ ላይ መስመር በመስመር ማቋረጥ አለበት፤ ካልፈለገ ወረቀቱን ባዶ ይተወዋል። ሾቮ ባዶ ተወው። የሚቻል አልነበረም እንዳይባል ግን፣ አራት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1655፣ ሚሼል ደ ማሮል የተባለ አባ ምኔት በፓሪስ ባሳተመው «የሙዛት ቤተ መቅደስ ሥዕሎች» በተባለ መጽሐፍ ውስጥ በአብርሃም ቫን ዲፔንቤክ ንድፍ የተቀረጸችው አንድሮሜዳ ጥቁር ናት። ከዚያ ወዲህም ሆነ በፊት እንዲህ ያደረጉ ጥቂቶች ናቸው። ማሮል ተራ ሰው አልነበረም፤ ያከማቻቸውን ከ120,000 በላይ የሕትመት ሥዕሎች በ1667 ለንጉሡ ሸጦ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ላለው የሕትመት ሥዕሎች ክፍል መሠረት የጣለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ የሥዕል አዋቂ ጥቁር አንድሮሜዳን ካወጣ፣ ሌሎቹ ነጭ ያደረጓት ባለማወቅ ሳይሆን በልማድና በምርጫ እንደ ሆነ መፍረድ እንችላለን።

ለልጆችዎ አንድ ተጨማሪ ነገር። ሄልዮዶሮስ የተባለ ግሪካዊ ደራሲ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ የኢትዮጵያ ንግሥት ፐርሲና በእልፍኟ የተሰቀለውን የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች ፀንሳ ነጭ ልጅ ትወልዳለች፤ ሰው አመነዘረች እንዳይላትም ሕፃኗን ትጥላለች። የራሲን ልጅ ሉዊ ስለ አባቱ እንደ ተረከው፣ ራሲን በተማሪነቱ ይህን መጽሐፍ እየተደበቀ ሲያነብ መምህሩ ቀምቶ አቃጠለበት፤ ሁለተኛ ቅጂ አገኘ፤ እርሱም ተቃጠለ፤ ሦስተኛውን አግኝቶ በቃሉ ካጠና በኋላ «ይህንንም ያቃጥሉት» ብሎ ራሱ ወሰደለት። አንድሮሜዳን፣ እናትና አባቷን፣ ፐርሴየስንም ለማየት ደግሞ ሥዕል አያስፈልግም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ሰማዩ ሲጠራ ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ወደ ሰሜን ቢመለከቱ በስማቸው የተጠሩትን ከዋክብት ያገኟቸዋል።

ጥያቄ፦ ሥዕሎቹ የእኛ ናቸው። በወረቀቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ በአንደኛው ጥግ ሻጋታ ይታያል። ደግሞስ በ17ኛው መቶ ዘመን የታተሙ ናቸው ወይስ ቅጂ? (የሥዕሎቹ ባለቤቶች፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ በላካችሁልን ተጨማሪ ፎቶግራፎች መሠረት «አልሴስት» በእርግጥ ቅጂ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥላው በእኩል ርቀት ከተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ይህ ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ለመጽሔትና ለመጽሐፍ የዋለ የፎቶግራፍ ሕትመት ምልክት ነው። የመዳብ ቅርጽ ነጥብ ሳይሆን መስመር ነው ያለው፤ ቀለሙም በወረቀቱ ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ለጣት ይሰማል። በሌሎቹ ሁለት ዙሪያ የመዳብ ሰሌዳው በማተሚያው ኃይል ወረቀቱን የተጫነበት ሰርጓዳ ድንበር ይታያል፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ብትይዙት የሽቦ ወንፊት መስመሮች ካሉት ከጨርቅ የተሠራ የቆየ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ከሌሉት ከዚያ የዘገየ ሊሆን ይችላል። ከሥዕሉ ግርጌ ያሉት የላቲን ቃላት ደግሞ ሥራን ያከፋፍላሉ፦ «ኢንቬኒት» ወይም «ዴሊኔያቪት» ከሚለው በፊት ያለው ስም የነዳፊው ነው፤ «ስኩልፕሲት» የቀራጩን፣ «ኤክስኩዲት» የአሳታሚውን ያመለክታል። ጀግናው ሰይፉን በግራ እጁ ይዞ ብታገኙት አትደነቁ፤ በሰሌዳው ላይ የተቀረጸ ሁሉ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል።

ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ብትሆንም ዝናቧ ረጅም፣ አየሯም እርጥብ ነው። አንጻራዊ የአየር እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ በወረቀት ላይ ይነሣል። ስለዚህ ሥዕሎቹን ከውጭ ግድግዳ ላይ አንሡና በውስጥ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ አየር እንዲያልፍ ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን ትንሽ ቡሽ ለጥፉ። ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ በመካከል የካርቶን ክፈፍ ይግባበት፤ ካርቶኑ አሲድ የሌለበት ካልሆነ ግን ቡናማው ነጠብጣብ ይበዛል። ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል አርቋቸው፤ ጢሱ ቀስ በቀስ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። ሻጋታውን በእርጥብ ጨርቅ በፍጹም አትጥረጉት፤ ወረቀቱን ለብቻው አድርጋችሁ በጥላ አየር አስደርቁት፤ ከደረቀ በኋላ አፍንጫችሁንና አፋችሁን ሸፍናችሁ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው በጊዜ ብዛት ወደ ወረቀቱ ይሰርግና አይለቅም። አሮጌውን ፍሬምና የጀርባ ሰሌዳውን ከመጣላችሁ በፊትም በላዩ ያለውን የእጅ ጽሑፍና የሱቅ ወረቀት ሁሉ ፎቶግራፍ አንሡ፤ አያታችሁ ሥዕሎቹን ከየት እንዳገኟቸው የሚናገር ሌላ ማስረጃ ላይኖር ይችላል።